ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ደንቡ

 ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአሏህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለብዙ ወላጆች እንግዳ አይደለም። ይኸውም ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ስንነሳ በመካከላችን የሚፈጠረው ጠብ ነው።

ከዚህ ቀደም በአንድ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ወላጆችን እንድናስታርቅ ተጠይቀን ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ለመሥራት አስቧል። ከወላጆቹ ከፊሎቹ «የቶምቦላ ትኬት አሳትመን ለየተማሪው እናድል፤ ዕጣው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይሁን» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ይህ ቁማር ነው፤ የእራት ግብዣ አዘጋጅተን ሰዉን በየስሙ እየጠራን ቃል እናስገባ» አሉ። ነገሩ በዚህ ቢቆም መልካም ነበር። ግን አንዱ ወገን «ሀብታችሁን ልታሳዩ ነው»፣ ሌላው ደግሞ «እናንተ ዲን አታውቁም» እስከ መባባል ደረሰ። ሁለት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሁለት ዓይነት ደረሰኝ ታተመ። ልጆቻቸውን ሲያደርሱ በር ላይ ቆመው ይጨዋወቱ የነበሩ እናቶች ሰላምታ ተነፋፈጉ።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን የአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነገር ነው። የተሰጧትን አሥር ትኬቶች መሸጥ አልቻለችም። አባቷም የሚከፍልላት አልነበረውም። ስለዚህ «ኡስታዙ ይጠይቁኛል» ብላ ፈርታ ከቤት ቀረች። ለትምህርት ተብሎ የተጀመረ ሥራ ተማሪን ከትምህርት አስቀረ ማለት ነው!

ወላጆቹን አንድ ላይ ሰብስበን በመጀመሪያ ያስታወስናቸው የከዕባን ግንባታ ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) 35 ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ከነብይነታቸው አምስት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ቁረይሾች ከዕባን አፍርሰው እንደገና ሊሠሩ ተነሱ። ጣዖት አምላኪዎች ሆነው ሳለ ገንዘብ ከመሰብሰባቸው በፊት ደንብ አወጡ። የወለድ፣ የዝሙትና በግፍ የተወሰደ ገንዘብ ወደዚህ ቤት አይገባም ተባባሉ። ንጹሑ ገንዘብ ግን አልበቃም። ስለዚህ የቤቱን የተወሰነ ክፍል ከግድግዳው ውጭ ተዉት። ሐጅ ወይም ዑምራ ያደረገ ሰው ሒጅር የሚባለውን በግማሽ ክብ አጥር የተከለለ ስፍራ ያውቀዋል። ያ የተተወው ክፍል የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ግድግዳው ጥቁሩ ድንጋይ ከሚገባበት ሲደርስ ደግሞ «ማን ያስቀምጠው?» በሚል ተጣሉ፤ ለመጋደልም ተቃረቡ። በመጨረሻ በመጀመሪያ በበሩ የሚገባውን ሰው ዳኛ ሊያደርጉ ተስማሙ። የገቡትም ታማኙ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ድንጋዩን በጨርቅ ላይ አኑረው የየጎሳው አለቃ ጫፍ ጫፉን እንዲይዝ አደረጉ። ሁሉም በአንድነት ካነሱት በኋላ በእጃቸው ከቦታው አስገቡት። ማንም ክብሩን አልተነጠቀም፤ ማንም ብቻውን አልወሰደውም።

ወንድሞችና እህቶች! በእኛም ጠብ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የገንዘቡ ንጽሕና፣ ሁለተኛው የእኔነት ስሜት ነው።

ስለ ቶምቦላው ያልነው ግልጽ ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ በዕድል ወይ ዕቃ የሚያገኝበት ወይ የሚከስርበት ነገር ቁማር ነው። አሏህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል። ዓላማው ያማረ መሆኑ መንገዱን ሐላል አያደርገውም።

ይሁን እንጂ የእራቱን ወገኖችም አላለፍናቸውም። ሶደቃን በግልጽ መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን ሱረቱል በቀራህ 264ኛው አንቀጽ መመጻደቅና ለይዩልኝ መስጠት ሶደቃን እንደሚያበላሹ ያስጠነቅቃል። የቀን ሠራተኛውን አባት በሰው ፊት በስሙ ጠርቶ «አንተስ ስንት?» ማለት ምን ይባላል? ሐራምን የተቃወመ ሰው ወንድሙን የማሳፈር ፈቃድ አላገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሹራ የተስማሙባቸው እነዚህ ናቸው። ኮሚቴው አንድ ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው ይግባበት፤ እናቶችም ይኑሩበት። የባንክ ሒሳቡ አንድ ሆኖ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። በልጆች እጅ ምንም ነገር እንዳይሸጥ። ስም የማይጻፍበት ፖስታ ለየቤቱ ይሰጥ፤ ባዶውን የመለሰም አይጠየቅ። እናቶች ያዘጋጁት ምግብና የእጅ ሥራ በባዛር ይሸጥ። ዘካ ከግንባታው ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል ለድሃ ተማሪዎች ይዋል። ገቢና ወጪው በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

በመጨረሻው ላይ «አትተማመኑብንም ወይ?» ያሉ ነበሩ። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር የሚናገር ነው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ ሰብሳቢ አድርገው የላኩት ሰው ሲመለስ ተሳስበውታል። «ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜም ከወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደ ነበር ጠይቀው ገሥጸውታል። ሒሳብ ማሳየት የአማና ጥበቃ ነው፤ የሰብሳቢውንም ክብር ከሐሜት ያድናል።

ውጤቱስ ምን ሆነ? የተሰበሰበው ከታሰበው አነሰ። ሁለት ክፍል የታሰበው አንድ ብቻ ተሠራ፤ የሁለተኛው መሠረት ወጥቶ ቆሟል። አንዳንድ ወላጆችም እስካሁን ልባቸው ሙሉ በሙሉ አልጠገነም። ያቺ ልጅ ግን ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። እኛም ባለፍን ቁጥር ያንን ያላለቀ መሠረት ስናይ ሒጅር ትዝ ይለናል። በንጹሕ ገንዘብ ተጀምሮ የጎደለ ሥራ አያሳፍርም።

እንግዲህ በየትምህርት ቤታችሁ ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ደንባችሁን ጻፉ። ከዚያም የጨርቁን ጫፍ አብራችሁ ያዙ።

አሏህ (ሱ.ወ) ሥራችንን ኢኽላስ ያለበት ያድርግልን፤ ልቦቻችንን ያስማማ፤ ልጆቻችንንም ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። አሚን።