ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እና የወላዶች ሣጥናችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር)



ስለ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እንድናገር ኮሚቴው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። ከዋናው ቤት ጓሮ በተቀለሰች ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር። ምግቧን የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እሮጣለሁ። ሽታው ያስፈራኝ ነበር። ሰፈርተኛው «እርግማን ነው» ይላል፤ ከቤታችንም «አይደለም» ያለ አልነበረም። አድጌ የጤና ረዳትነት ስማር ነው ነገሩ ፊስቱላ እንደነበረ የገባኝ። ያኔ እሷ አርፋለች።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ምጥ ተይዞ ቀናት ሲፈጅ፣ የሕፃኑ ራስ የእናትየውን ፊኛ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው አካል ይሞትና ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ሽንት ቀን ከሌት ይፈስሳል፤ ሰገራም የሚያመልጣት አለች። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚወለደው። ሴቲቱ ልጇንም ጤናዋንም በአንድ ምጥ ታጣለች፤ ባሏ ጥሏት የሚሄድም ብዙ ናት።

ዶክተር ካትሪን በ1916 ዓ.ም. አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ከተማ ተወለዱ። በ1951 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን፣ ውላቸውም ለሦስት ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ባልም ሚስትም ፊስቱላ ያለባት ሴት አክመው አያውቁም። ከመጻሕፍትና ከሌሎች ሐኪሞች እየተማሩ ቀዶ ሕክምናውን ጀመሩ። አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ግድም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነው። ታካሚዋ ስትድን አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ተሰጥቷት ትሸኛለች። ይህን ቀሚስ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ለዓመታት ደረቅ ልብስ ለብሳ ለማታውቅ ሴት ቀሚሱም ሕክምና ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ማሚቱ ከገጠር የመጣች ታካሚ ነበረች፤ ማንበብና መጻፍ አታውቅም። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም እነ ዶክተር ካትሪን እጇን እየመሩ ራሷ መስፋት ያዘች። በኋላ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ከእሷ ይማሩ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር ሸልሟታል። ሌሎች የዳኑ ሴቶችም እዚያው ሆስፒታል በአስታማሚነት ሠርተዋል። አዲስ የመጣችን ሴት «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ብሎ የሚቀበላት ሰው አለ ማለት ነው።

ባልና ሚስቱ ከአንድ ቤትና ከአንድ ሥራ ሳይለያዩ አብረው አረጁ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ሲያርፉ ዶክተር ካትሪን አገራቸው ለመመለስ አስበው ነበር። አንድ የግቢው ሠራተኛ እጃቸውን ይዞ «አይሂዱብን፣ ሁላችንም እናግዝዎታለን» ብሎ እንደለመናቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ቀሩ። ከዚያ በኋላ ነው በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ሆስፒታሎች የተከፈቱት። ሙሉ በሙሉ ሊድኑ ላልቻሉትም ደስታ መንደር ተሠራ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ መጀመሪያ ወዳመጣቸው ሥራ ተመለሱ ማለት ነው። የተቀደደውን እየሰፉ መኖር ብቻውን እንደማይበቃ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ፣ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ባለው ቤታቸው አረፉ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ባለፈው ስብሰባ የወላዶች መጓጓዣ ሣጥን ገንዘብ ወደ እህል መደብሩ ይዙር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያቀረቡትን እህቶች አከብራለሁ፤ መደብሩ ትርፍ አለው፣ ሣጥኑ የለውም። በዚህ ዓመት ከሣጥኑ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መባሉም እውነት ነው። ግን እናስበው። ሐኪሞች እናት የምትጎዳበትን መዘግየት በሦስት ይከፍሉታል፦ ቤት ውስጥ «እንሂድ» እስኪባል፣ መንገድ ላይ፣ ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ። ሦስተኛው የሐኪሞቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እኛ ደጃፍ ላይ ናቸው። አክስቴን ሦስት ቀን ቤት ያቆያት ክፉ ሰው አልነበረም፤ መኪና የሚከፍል መጥፋቱ፣ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚል መብዛቱ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ባለበት እንዲቆይ፣ ለጋሾቻችንም ለመደብሩ የሚሆነውን ለብቻ እንዲያስቡልን እጠይቃለሁ። ድምፁን ከምሳ በኋላ እንሰጣለን። የሣጥኑ አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ምጥ የያዛት ካለች በሌሊትም ቢሆን በሬን አንኳኩ።