ጥሩ ከሰል በዛፉ ስም ብቻ አይታወቅም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ጤፍ ገበያ መነጋገር የተለመደ ነው። ይህ ንግግር የሚያነሣው ጉዳይ ግን በስብሰባ ላይ ስሙ ብዙም አይጠራም፤ በየቤቱ ግን በየቀኑ ይነዳል። ጉዳዩ ከሰል ነው።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ቡና የሚፈላው፣ ወጥ የሚሞቀው፣ በዓል ሲመጣ ሥጋ የሚጠበሰው በአብዛኛው በከሰል ነው። ጥብስ ቤቱም ሥራው የሚቃናው ከሰሉ ጥሩ ሲሆን ነው። ገዢው ገበያ ወጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የግራር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም «አዎ፣ የግራር ነው» ይላል። ቤት ሲደርስ ግን ከሰሉ ይጨሳል፣ ይፈናጠራል፣ ግማሹም ዱቄት ሆኖ ከጆንያው ሥር ይገኛል። ገዢው ተታለልኩ ይላል። ነገር ግን ከሰሉ በእርግጥም የግራር ሊሆን ይችላል። ጥሩ ግራር በመጥፎ አከሳሰል ይበላሻል፤ ተራ የሚባለው ባሕር ዛፍም በጥሩ አከሳሰል የሚያኮራ ከሰል ይወጣዋል። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ግራር ለምን ተመረጠ?

ግራር የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨቱ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከሰሉም ከባድ ነው። ከባድ ከሰል ፍሙ ቶሎ አይከስምም፤ ሙቀቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። ቀላል እንጨት ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ቶሎም አመድ ይሆናል። ወይራም በዚህ ረገድ ከግራር የሚያንስ አይደለም።

ችግሩ ያለው በዛፉ ዕድሜ ላይ ነው። ወይራ ለቁም ነገር እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። ግራር ወደ ዓባይ በሚወርደው ሞቃት ቁልቁለት ላይ አፈር ይዞ የቆመ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ለፍየል ምግብ፣ ጥላው ለከብት መጠለያ፣ ሥሩም ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው። በአንድ ቀን ተቆርጦ በአንድ ሳምንት ከሰል የሆነ ግራር ቆሞበት የነበረው ቁልቁለት በቀጣዩ ክረምት በጎርፍ ይታጠባል። በደጋው ደግሞ ነባር ዛፍ በብዛት የቀረው በየደብሩ ዙሪያ መሆኑን ሁሉም የሚያየው ነው።

የጎረቤት ሶማሊያ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። የዚያች አገር ግራር ከሰል እየሆነ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲጫን ኖሯል። ገቢው ለታጣቂዎች መዋሉ ስለታወቀም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዷል። የተቆረጠው ግራር ግን በእገዳ አልተመለሰም።

ከሰል የሚለማውም የሚጠፋውም በአከሳሰሉ ነው

ከሰል ማክሰል ማለት እንጨቱን ማንደድ ሳይሆን አየር እየነሱ ማብሰል ነው። ውኃው፣ ሙጫውና ጭስ የሚሆነው ነገር ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው ከሰል ይባላል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ውኃውን ለማድረቅ ሌላ እንጨት ይቃጠላል። ስለዚህ እንጨቱ ተቆርጦ፣ በእኩል መጠን ተቆራርጦ ለተወሰኑ ሳምንታት ፀሐይና ነፋስ ሊያገኘው ይገባል።

በተለመደው በአፈር በተሸፈነ ክምር ሲከሰል ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ክምሩ በደንብ ሲደረደርና እንደ ካዛማንስ ባለው፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ በሚገባለት የተሻሻለ ዘዴ ሲከሰል ግን ወደ 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ማለት ያው አንድ ዛፍ በሙያ ብቻ ተጨማሪ ጆንያ ከሰል ይሰጣል ማለት ነው።

ልምድ ያለው አክሳይ ጭሱን አይቶ ያውቃል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ የውኃው እንፋሎት ነው። ቀጥሎ ጭሱ ይደፈርሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። በመጨረሻ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ እንጨቱ በስሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለገበያ ቀን ለማድረስ ሲባል ጭሱ ሳይሳሳ የተዘጋ ክምር ጥሬ ከሰል ያወጣል። ሳይቀዘቅዝ የተከፈተ ክምር ደግሞ አየር ሲያገኝ እንደገና ይነሣና የቀናት ድካም በሰዓታት ውስጥ አመድ ይሆናል።

ገዢ ጥሩውን በምን ይለያል?

ገዢው ክምሩን አያይም፤ የሚያየው ጆንያውን ነው። ቢሆንም ዓይኑ፣ ጆሮውና እጁ ይበቁታል።

አንደኛ፣ ሁለት ቁራጭ ከሰል ሲጋጩ በደንብ የበሰለው እንደ ሸክላ ስባሪ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጥሬው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ጃፓኖች ለሥጋና ለዓሣ ጥብስ የሚመርጡት ቢንቾታን የሚባለው የባሉጥ ከሰል የሚታወቀውም እንደ ብረት በሚጮኸው ድምፁ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲሰበር ውስጡ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። ቡናማ እንጨት ከታየበት አልበሰለም፤ ሲነድም ይጨሳል።

ሦስተኛ፣ የጆንያው ሥር ይታይ። ከላይ ትልልቁ ተደርድሮ ከታች ብናኝ፣ አፈርና ድንጋይ ሊኖር ይችላል። ክብደቱ ከመጠኑ ጋር የማይመጣጠን ጆንያም ውኃ ተረጭቶበት እንደሆነ መጠርጠር ይገባል።

አራተኛ፣ ቁራጩ ለጥብስ ሲሆን እንደ ሕፃን ጡጫ የሚያህል ቢሆን ይመረጣል። በጣም ትልቁ ለመያዝ ይዘገያል፤ ደቃቁ ደግሞ የአየር መተላለፊያውን ዘግቶ እሳቱን ያፍናል።

ለጥብስና ለማጠን

ብዙ ሰው የዝልዝል ጥብስ ጣዕም ከከሰሉ የሚመጣ ይመስለዋል። በሚገባ የበሰለ ከሰል ከየትኛውም ዛፍ ቢሆን የራሱ ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሽታውን የሚሰጠው ነገር በክምሩ ውስጥ ወጥቶ አልቋልና። የጥብሱ ጣዕም የሚመጣው ጮማው ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ከሚነሣው ጭስና ከሥጋው መጥበስ ነው። ስለሆነም ለጥብስ ቤት የሚበጀው በደንብ የበሰለ፣ የማይፈናጠርና ሙቀቱ የሚቆይ ከሰል ነው። በዓለም ገበያ ለባርቤኪዩ ተብሎ የሚሸጠው ቁራጭ ከሰል የሚመዘነውም በዚሁ ነው።

ጣዕሙን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አቀጣጠሉ ነው። በፌስታል፣ በጎማ ወይም በነጭ ጋዝ የተያያዘ ከሰል ሽታውን ለሥጋው ይሰጣል፤ ጤናንም ይጎዳል። ደረቅ ጭራሮ ይበቃል። ከሰሉ ተያይዞ ነጭ አመድ እስኪለብስ ሳይጠበቅ ሥጋ ሊጣድበት አይገባም። ከዚያም ፍሙን ወደ አንድ ጎን መሰብሰብ ጥሩ ነው፤ በፍሙ በኩል ይጠበሳል፣ በሌላው በኩል ሳያር ይበስላል።

ጭስ የተፈለገ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የጎጃም እናቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ የጠላውን ጋንና የወተቱን ዕቃ የሚያጥኑት በወይራ ወይም በጥንጁት ነው እንጂ በተገኘው እንጨት አይደለም። ሥጋ በጭስ ለማጣፈጥ የፈለገ ሰው ፍሙ ላይ ጥቂት ደረቅ የወይራ ስንጣሪ ጣል ቢያደርግ ይበቃዋል። ለዚህም ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም፤ የተመለመለ ቅርንጫፍ ይበቃል። ጥድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት ስላላቸው በእንጨትነታቸው ለማጠኛ አይሆኑም። ወተቱ ዓይን የሚጎዳው ቁልቋል፣ ቀለም የተቀባ የቤት እንጨትና መድኃኒት የጠጣ የመብራት ምሰሶ ደግሞ ለማጠኛም፣ ለማገዶም፣ ለከሰልም ሊውሉ አይገባም።

የሚገድለው የማይታየው ነው

ከሰል አይጨስም ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። በክረምት ብርድ፣ በአራስ ቤትና በለቅሶ ቤት ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጥሩ ከሰልም ያወጣል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያንቀላፋዋል፣ ከዚያም ላይነቃ ይችላል። በርና መስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ውጭ አየር መውጣት፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህን መልእክት እያንዳንዱ አባል ለቤተሰቡ ቢያደርስ የዛሬው ስብሰባ አንድ ጥቅም ሰጠ ማለት ነው።

እንጨቱ ከየት ይምጣ?

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው አርሶ አደር የቤት መሥሪያውም፣ ማገዶውም፣ የችግር ጊዜ ጥሪቱም እርሱ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከሰሉ ከግራር ይቀላል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ይሁን እንጂ እንጨቱ በስሎና ደርቆ ከተከሰለ ለቤትም ለጥብስ ቤትም በደንብ ያገለግላል።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከአዊ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሩ ዲከረንስ የተባለውን፣ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ በማሳው ላይ ተክሏል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል እህል ይዘራል፤ ዛፉ ከ4 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ለከሰል ይደርሳል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። አሲዳማው አፈርም ከዛፉ ተጠቅሟል። ይሁንና ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ዲከረንስ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው በደንብ ስለማያቆጠቁጥ በየጊዜው ችግኝ ይፈልጋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዝገት የተባለ የፈንገስ በሽታ ተነሥቶ የአዊን ተክል ክፉኛ ጎድቷል። ሀብቱን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ያደረገ ሰው አንድ በሽታ ባዶ እጁን ሊያስቀረው እንደሚችል ከዚህ መማር ይገባል።

የቢቸና ጥቁር መሬት የጤፍ መሬት ነው፤ ለከሰል ተብሎ በዛፍ ሊሸፈን አይገባውም። ዛፍ የሚተከለው በተጎዳ ቁልቁለት፣ በቦረቦር ዳርና ለእህል በማይመች ቦታ ላይ ቢሆን ጤፉም ከሰሉም ይገኛል።

ከማኅበራት ምን ይጠበቃል?

ከሰል እስካሁን በተናጠል የሚሸጥ፣ ትርፉ ለደላላ የሚቀር ንግድ ሆኖ ቆይቷል። ማኅበራት ጤፍን በደረጃ ለይተው እንደሚያቀርቡት ሁሉ ከተተከለ ዛፍ የተገኘ ከሰልንም በወንፊት አበጥረው፣ በሚዛን መዝነውና የዛፉን ስም በትክክል ጽፈው ሊያቀርቡት ይችላሉ። ናሚቢያ የግጦሽ መሬቷን የወረረውን ቁጥቋጦ እያከሰለች ለአውሮፓ የጥብስ ገበያ ታቀርባለች፤ ገዢው የሚከፍለው ምንጩ የታወቀና ጥራቱ የተለየ ስለሆነ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነት ታውቋል። የደን ውጤት ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የወረዳ ኃላፊዎች ሚና ትልቅ ነው። ዛፍ ተክሎ ያሳደገው አርሶ አደር ፈቃድ ለማግኘት ከተንከራተተና ሌሊት ግራር የቆረጠው ያለ ጠያቂ ካለፈ፣ ሕጉ የሚቀጣው ተካዩን ይሆናል። ለተካይ መንገዱ ይቅለል፤ ለነባሩ ዛፍ ጥበቃው ይጥበቅ።

በቤት በኩልም ቁጠባ አለ። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰሉን ወደ ሩብ ገደማ ይቆጥባል። ከአራት ጆንያ አንዱ ተረፈ ማለት ነው።

ውድ አባላት፤ ከእንግዲህ ገበያ ላይ «የግራር ነው?» የሚለው ጥያቄ በሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ቢተካ መልካም ነው፤ «የተተከለ ዛፍ ነው?» እና «በደንብ በስሏል?» ገዢው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሲጀምር አክሳዩ ሙያውን ያሻሽላል፣ ተካዩ ዋጋ ያገኛል፣ በዓባይ ቁልቁለት የቀረው ግራርም ባለበት ይቆማል።

መልካም በዓል ይሁን።