ማገዶና ቆጣሪ

  የዛሬው ንግግራችን ስለ ማገዶና ስለ መብራት ነው። ነገሩን ከሐዋሳ እንጀምረዋለን።

ሐዋሳ መብራት የገባላት ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው በኤሌክትሪክ ነው። ነገር ግን በከተማው የኪራይ ግቢዎች ውስጥ ብዙ ሰው ወጥ የሚሠራው በከሰል ነው። ሽቦው በጣሪያው ላይ ያልፋል፤ ድስቱ ግን ከሰል ላይ ተጥዷል። ለምን?

«ልማድ ነው፤ ሕዝባችን አልሠለጠነም» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ጭስ የሚወድ ዓይን የለም። ምክንያቱን ከኪሳችንና ከቤታችን እንፈልገው።

የቀን ሠራተኛ ገንዘብ የሚያገኘው ዕለት በዕለት ነው። ስለዚህ ከሰልም የሚገዛው በፌስታል ነው። ደኅና ደመወዝ ያለው ሰው በጆንያ ይገዛል። አንድ ጆንያ ስንት ፌስታል እንደሚወጣው ባለሱቋን ጠይቁ። የአንዱን ፌስታል ዋጋ በዚያ ቁጥር አባዙት። ከጆንያው ዋጋ በልጦ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ለአንድ ኪሎ ከሰል ድሃው ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው።

የቤት ኪራዩን ነገር ደግሞ ሰፋ አድርገን እንየው። በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ አለ እንበል። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። አከራይዋ «አምፖል አብሩ፤ ምጣድ ግን አይሰካም» ይላሉ። ከገጠር መጥተው በፓርኩ የሚሠሩ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የተከራዩ ልጃገረዶችም የሚሰሙት ይህንኑ ነው። አከራይዋ ክፉ ሆነው አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ ማለት ባለ 10 ዋት አምፖል 350 በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። የግቢው ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ሌላም አለ። የመብራት ዋጋ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። አጠቃቀሙ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ይህ የተደረገው ጥቂት የሚጠቀመውን ድሃ ለመርዳት ነው። መልካም ሐሳብ ነው። አሁን አምስቱ ተከራዮች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይሆኑ ነበር። አንዱ ቆጣሪ ግን ሁሉን ደምሮ 200 ይላል። ቆጣሪ ሰው አይቆጥርም። ለድሃ የታሰበው ዋጋ ከግቢው በር ላይ ይቀራል።

ላምባስ? ላምባ ብዙ ቤት አገልግሏል። ነገር ግን ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ፤ ዋጋውም ወጣ። ሰው ወደ ከሰሉ ተመለሰ።

ከሰሉ ደግሞ ዛፍ ነበር። በአፈር ተሸፍኖ በሚከስል ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል። ከሻሸመኔ ወደ ሰሜን ስትሄዱ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ታገኛላችሁ። የፓርኩን ግራር ካራቆቱት ነገሮች አንዱ ከሰል ነው። አክሳዩን ብቻ አንርገም፤ እሱም ሌላ ገቢ ቢያገኝ በጭስ ውስጥ አያድርም ነበር።

ሕዝቡ ከኪሱ ቦንድ ገዝቶ የሠራው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ጉልበቱ 5,150 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ እስከ ምጣዱ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ትራንስፎርመር፣ ወፍራም ሽቦና ቆጣሪ ይጠይቃል።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንጠቀም። ምርጥ ምጣድ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ይሠራል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እንጀራ መጋገር የቤት ማገዶን ትልቁን ድርሻ ስለሚበላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ላቀች የተባለው ምድጃ ደግሞ ከሰል ይቆጥባል። አደራ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃም።

አሁን ማንበብ ችላችኋልና የመብራቱን ደረሰኝ ራሳችሁ አንብቡ። ያለፈው ወር የቆጣሪ ንባብና የአሁኑ ንባብ ተጽፏል። ትልቁን ቁጥር ከላይ፣ ትንሹን ከታች ጽፋችሁ ቀንሱ። የሚቀረው የወሩ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ካላችሁ ቁጥሩን ከቆጣሪው መስታወት ላይ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን መዝግቡ። ያገኛችሁትን በግቢው ባሉት ቤተሰቦች ቁጥር አካፍሉ። ለእያንዳንዱ ቤት ከ50 በታች ከደረሰ፣ ሒሳቡን በወረቀት ይዛችሁ ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ተጨማሪ ቆጣሪ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ ስም ነውና ማመልከቻውን አብራችሁ ጻፉ። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ በሚቀጥለው ንግግራችን እናሳያችኋለን፤ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ጠብቁን።