የጀመርነውን ክትባት እንጨርስ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን የተቋቋመው ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ለመትከልና ለመረዳዳት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ሐዘኑ ከነጭራሹ እንዳይመጣ ስለሚያደርገው ስለ ክትባት ነው።

ክትባት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጥንት ሰዎች ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ከታማሚው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ይከትቡ ነበር። ይህ ብዙውን ሰው ቢያድንም ከራሱ ከፈንጣጣው የተወሰደ ስለሆነ የሚሞትበትም ነበረ፤ በሽታውንም ያዛምት ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1796 ኤድዋርድ ጄነር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ የላም ፈንጣጣ የያዛቸውን ላም አላቢዎች የሰው ፈንጣጣ አይዛቸውም ሲባል ሰምቶ፣ ከአንዲት አላቢ እጅ ወስዶ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። ቆይቶም በፈንጣጣው ቢሞክረው ልጁን አልያዘውም።

በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ ታማሚ ያለበትን ቤት እየፈለጉ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከተቡ። በነሐሴ 1968 በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ።

በጥቅምት 1970 ደግሞ በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ አሊ ማው ማሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ታመመ። ሆስፒታል እየሠራ፣ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ደግነቱ ዳነ። በዓለም ላይ ሲዛመት የኖረው ፈንጣጣ በእሱ አበቃ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ሰውየውም በኋላ ስለ ፖሊዮ ክትባት ሕዝቡን ሲያስተምር ኖረ።

ታዲያ ፈንጣጣ ጠፋ ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? ኩፍኝ እኮ አልጠፋም! በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ያልተከተበ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይገባል። ልጅን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ክትባቱ ሁለት ጊዜ ነው፤ በ9 ወርና በ15 ወር። በሠፈራችን የምናየው ችግር አንዱን አስከትቦ ሁለተኛውን መተው ነው። «ልጄን አተኮሰው» ብለው የቀሩ እናቶች አሉ። ትኩሳቱ ቢመጣም በጥቂት ቀን የሚያልፍ ነው፤ ኩፍኙ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም።

ስለሆነም ዛሬ ማታ ሁላችንም የልጆቻችንን የክትባት ካርድ አውጥተን እንይ። ቀኑ ያለፈበት ቢኖር እንደ አዲስ መጀመር የለበትም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ የለውም። ሥራ ይዞት ልጁን የሚወስድለት ያጣ ሰው ለኮሚቴው ይንገር፤ ጎረቤት እንመድባለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ