የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለይፋት ልጆች

የይፋት ቆላ ልጅ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ መጀመሪያ የሚያውቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በመንገድ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው መኪና ጣርማ በር ላይ ወራሪው ኃይል ተራራውን ሰርስሮ በሠራው ዋሻ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ልጁ ዋሻውን ማን እንደ ሠራው ሲጠይቅ «ጣሊያን» የሚል መልስ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ታሪኩ በዚያው ያበቃል። ያው ተጓዥ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያየው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ግን የቀረውን ታሪክ ይዟል።

ሐውልቱ ብሔራዊ መታሰቢያ ነው፤ ይህም አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን አገር በሙሉ ውለታውን የሚያስብለት ሰው ምልክት ማለት ነው። አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ለብዙ ዘመናት ከግብፅ ብቻ ይመጣ የነበረው የጳጳስነት ማዕረግ በ1921 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ሲሰጥ ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከአርበኞች ጎን ቆሙ፤ በተያዙም ጊዜ አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ይልቁንም ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዘቱ፣ ማለትም በሃይማኖት ሥልጣናቸው ጽኑ ክልከላ አወጁ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ።

ልጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የነበረው ጦር የአንድ መነኩሴን ቃል ለምን ፈለገ? ጉልበት አገርን መያዝ ቢችልም የተያዘው ሕዝብ በልቡ «ተገቢ ነው» እስካላለ ድረስ አገዛዙ ስለማይጸና ነው። ስለዚህ ጳጳሱ የከለከሉት ወራሪው በጠመንጃ ሊወስደው የማይችለውን፣ የኅሊናን ፈቃድ ነው፤ ኅሊና ደግሞ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የአማራውም የአርጎባውም ልጅ ሀብት በመሆኑ፣ ሐውልቱ ለይፋት ልጆች ሁሉ እኩል ይገባል። «ጣሊያን እኮ መንገድ ሠርቶልናል» ለሚለው የተለመደ አባባልም ከዚህ የበለጠ መልስ የለም፤ ያንን መንገድ የሠራው መንግሥት፣ እጁ ባዶ የሆነን ሰው ስላልታዘዘው ገድሏል።

እንዲህ ያለ መታሰቢያ በሌላ አገርም አለ፤ በአሜሪካ ለጥቁሮች እኩል መብት ያለ መሣሪያ የታገሉትና በ1968 እ.ኤ.አ. የተገደሉት ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግም በዋሽንግተን ከተማ በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ብሔራዊ መታሰቢያ አላቸው። የሁለቱ ትግል የተለያየ ቢሆንም፣ ሁለቱም የሃይማኖት አባቶች ናቸው፤ የሚታሰቡትም ከሃይማኖታቸው ወሰን አልፎ ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ተነሥቶ ብዙ ሰው ከተጨነቀ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ይሁን እንጂ መታሰቢያ በድንጋይ ብቻ አይጠበቅም። ሐምሌ 22 ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ስለሚውል፣ የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ መምህራን የሰማዕታት ቀን በሚታሰብበት በየካቲት 12፣ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት፣ ይህን ታሪክ ከጣርማ በር ዋሻ ጀምረው እንዲነግሯቸው አደራ ይባላሉ።