የበዓሉ ወጪ ይጻፍ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ነው። አብዛኞቻችን በእናቶቻችን ጀርባ ታዝለን የተሳለምነው ደብር ነው። ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ሲሆን፣ አባቶች ከአፄ ካሌብ ዘመን ጋር ያያይዙታል። እዚያው በእንጨት ሣጥን ያረፉት የዋግ ሹሞች ናቸው። ዋግ ሹሞች ከዛጔ ነገሥታት እንወለዳለን ይሉ ነበር፤ ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ከያዘም በኋላ ዋግን ማስተዳደራቸውን ቀጥለዋል። ከእነርሱ ወገን ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ዋግሹም ጓንጉልም በ1888 ዓ.ም. አድዋ ዘምተዋል።

የሹሞቹ ስም ተጽፏል። ለተሳላሚው እንጀራ የጋገረችው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ ውኃ የቀዳችው ሴት ግን የትም አልተጻፈችም። ከዝቋላ፣ ከደሃናና ከጋዝጊብላ በእግሩ የመጣ ተሳላሚ ሳይቀምስ እንዳይመለስ ያደረገችው እሷ ናት።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ባለፈው በዓል እህል ሲያንሰን ከቁጠባው ሣጥን ገንዘብ አውጥተን ገዛን። ቸኩለን ስለነበር አልጻፍነውም። ከበዓሉ በኋላ ሣጥኑ ጎደለ፤ ሐሜት ተነሣ፤ ሁለት እህቶቻችንም ቀሩ። ጥፋቱ ሒሳብ የያዝነው የእኛ ነው፤ በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያ ገንዘብ በግ ገዝታ ልታረባ ብድር የምትጠብቅ እህታችን ተስፋ ነበር።

አንዳንዶቻችን «ታዲያ ለተሳላሚው ምግቡን እንሽጥ» ብለናል። በዚህ አንስማማም። በሕንድ አገር፣ በአምሪትሳር፣ ሲኮች የሚሳለሙት ወርቃማ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ሃይማኖቱና ዘሩ ሳይጠየቅ፣ ሀብታምና ድሃ ሳይባል፣ መሬት ላይ አንድ ላይ ተቀምጦ በነፃ ይበላል። በየቀኑ ብዙ ሺህ ሰው ይመገባል፤ ምግቡ ከምእመናን ስጦታ ነው፤ የሚያበስሉትና ዕቃ የሚያጥቡትም አብዛኞቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። እኛም በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰቆጣ ሲገቡ ያለንን ስናካፍል ዋጋ አልጠየቅንም። የተሳላሚም ማዕድ እንዲሁ ይሁን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። የበዓሉ ሣጥን ከቁጠባው ሣጥን ይለይ። እያንዳንዷ ያመጣችው እህል ተሰፍሮ በስሟ ይጻፍ፤ ጉልበቷን የሰጠችም ትጻፍ። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ገቢና ወጪው በሁላችን ፊት ይነበብ።

የቀሩትን ሁለት እህቶቻችንንም ሽማግሌ ሳንጠብቅ ራሳችን ቤታቸው ሄደን እንጥራቸው። መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያው ስም የእነርሱ ይሁን።