«ዘግይታ መጣች»

(በ25ኛ ዓመት የመገናኘት በዓላችን ላይ ከምሳ በኋላ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ጤናና ድህነት እንድናገር ሲጠይቀኝ ስላይድ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ግራፍ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው። ትናንት ማታ ተውኩት። ከምሳ በኋላ መብራት አጥፍቶ ስላይድ ማሳየት ምን እንደሚያመጣ እኛ እናውቀዋለን፤ ከኋላ ወንበር ማን ያንኮራፋ እንደነበር ስም አልጠራም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለት ቃላት ብቻ ላውራችሁ። ሁላችንም በእጃችን ጽፈናቸዋል፦ «ዘግይታ መጣች»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተመረቅን ዓመት አልሞላንም። የተመደብኩበትን ጤና ጣቢያ ስም ልተወው። የቅርቡ ሆስፒታል በደህና ቀን በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ወቅቱ ክረምት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ዘበኛው በሬን አንኳኳና «ቃሬዛ መጥቷል» አለኝ። ስወጣ ስምንት ወንዶች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆመዋል። ሴትየዋ ቤቷ ወልዳለች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደም ይፈሳታል። እጇ ቀዝቅዟል፣ የደም ግፊቷ አይለካም። ያለንን ግሉኮስ ሰጠናት፤ የእንግዴ ልጁን በእጄ አወጣሁት። የሚሰጣት ደም ግን አልነበረንም። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየች።

መዝገቡ ላይ ሰዓቱንና የሞቱን ምክንያት ጻፍኩ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ «ዘግይታ መጣች» ብዬ ፈረምኩ። ውሸት አልጻፍኩም።

ጠዋት የባሏ አባት መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው። ምን እንደምላቸው ቸግሮኝ «አባቴ፣ ዘገያችሁ እኮ» አልኳቸው። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሐኪሙ፣ ልጄ ልበልህና፣ የቱ ጋ ነው የዘገየነው? ንገረኝና ለሌላዋ እንማርበት» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ የምር ጥያቄ ነበር።

ከዚያ ቆጠሩልኝ። ባሏ ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወርዷል። ጎህ ሲቀድ ወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ይወጣል ብለው ጠበቁ፤ ከዚህ በፊት ለሌሎች ሴቶች ወጥቷል። ደሙ እንደማይቆም ሲያዩ እንውሰዳት ተባለ። ግን ባዶ እጅ አይኬድም፤ ካርድ አለ፣ ጓንት አለ፣ መድኃኒት አለ። ፍየሏን እንዳይሸጡ የገበያው ቀን ገና ነው። ከጎረቤት በወለድ ተበደሩ። ተሸካሚ ለመሰብሰብ ከእርሻ እርሻ ዞሩ። ወንዙ ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሙ። ጥርጊያው መንገድ ላይ ሲደርሱ አንድ መኪና አገኙ፤ ነጂው የጠየቀው ከተበደሩት ይበልጣል። ስለዚህ የቀረውንም በትከሻ ጨረሱት። «እኛ እኮ ስንሮጥ ነው የዋልነው» አሉኝ።

ሕፃኗ ቤት ቀርታ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰች ጠይቄ አላውቅም። ይህንንም ዛሬ በእናንተ ፊት ልናገረው ብዬ ነው።

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እናቶች የሚሞቱባቸውን መዘግየቶች በሦስት ከፍለው አስቀምጠዋል። አንደኛው ለመሄድ በመወሰን ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኙ ያለው ነው። ሽማግሌው ጽሑፉን ሳያነቡ ሁለቱን ነገሩኝ። ሦስተኛው የእኔ ነበር። ደም የለም፣ ቀዶ ሕክምና የለም፣ አምቡላንስ የለም። እስቲ አስቡት፤ አምስት ሰዓት ቀድማ ብትመጣስ ምን እሰጣት ነበር? መዝገባችን «ታካሚዋ ዘገየች» ለሚለው ቦታ አለው። «ደሙ ዘገየ»፣ «ድልድዩ ዘገየ»፣ «ደመወዙ ዘገየ» ለሚለው ግን ቦታ የለውም። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ በሟቿ ላይ ይጻፋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በ2016 ግምቱ ወደ 412 ወርዷል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ወደየቀበሌው አስገብቷል። እኛ በነጭ ጋዋን ያልደረስንበት ጎጆ እነሱ በእግራቸው ደርሰዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እነዚህን ልጆች ያሠለጠናችሁ አላችሁ፤ ልትኮሩ ይገባል።

ግን አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዚያው በ2016 ጥናት ከከተማ ወላዶች ከ100ው 79ኙ በጤና ተቋም ሲወልዱ፣ ከገጠሮቹ ከ100ው 20 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ 97፣ አፋር 15። አገሩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ፖሊሲው አንድ። ጁልየን ቱዶር ሃርት የተባለ በዌልስ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ይሠራ የነበረ ሐኪም በ1971 ላንሴት መጽሔት ላይ ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ዘንድ ያነሰ ይደርሳል፣ እምብዛም የማያስፈልገው ዘንድ ይበዛል ይላል። ያንን ያለው ስለ ሀብታሟ እንግሊዝ ነው። ለእኛማ ምን ይባላል?

እንግዲህ «አሁን እኮ ወሊድ በጤና ጣቢያ ነጻ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ነጻ ነው። ግን ደሃ ሰው «ነጻ» ሲባል ምን እንደሚከፍል እንይ። አምቡላንሱ ከመጣ በነጻ ይወስዳታል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይመልሳትም። የአራስ መመለሻ፣ የአስታማሚ መመለሻ፣ ክፉ ከሆነም የአስከሬን መመለሻ በቤተሰቡ ኪስ ነው። ባል የቀን ሥራው ይቀራል። የታዘዘው መድኃኒት ከመድኃኒት ቤታችን ካለቀ ወረቀቱን ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል። ዋጋ መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እኛም «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም» ብለን እንጽፋለን።

ፌስቱላን ውሰዱ። የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው በ1974 ካቋቋሙት ጀምሮ በነጻ ያክማል። ያም ሆኖ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ለማግኘት ረጅም ጊዜ የቆዩ፣ ለምነው የመጡ ሴቶች ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ነጻ ነው፤ መንገዱ ነጻ አልነበረም።

በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጥሩ እርምጃ ነው። አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ሲታመም ፍየል አይሸጥም። የደሃ ደሃ ተብሎ ለተለየው መንግሥት ይከፍልለታል። በመካከል የሚቀር ሰው ግን አለ። የደሃ ደሃ እንዳይባል አንድ በሬ አለው፤ እንዳይከፍል ደግሞ እጁ ላይ ብር የለም። የሽማግሌው ቤት እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህ ግቢ ለምን እንደተከፈተ ታውቃላችሁ። በ1953 ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሰዉን ፈጀው። በዓመቱ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበሩ፤ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወጡ ነው የተዘጋጁት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በሽተኛው እስኪመጣ አትጠብቅ፣ አንተ ሂድ። እኛም ያን የቡድን ሥልጠና ወስደናል፤ ገጠር ጤና ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ተኝተን፣ ሽሮ በተራ ሠርተን፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍረን ወጥተናል። «በሽተኛዋ ዘግይታ መጣች» ማለት ያንን ሁሉ መርሳት ነው።

ኮሚቴው ለመዋጮአችን ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ የተመራቂዎች ስም የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሐውልት በግቢው በር ማቆም ነው። ስሜ በእብነ በረድ ቢጻፍ እኔም አልጠላም፤ ልጆቼም ፎቶ ይነሡበታል። ግን ሌላ ሐሳብ ላቅርብ፤ ከሰዓት በኋላ በምናደርገው ስብሰባ እንድትወያዩበት ነው።

ተማሪዎቻችን ለቡድን ሥልጠና ከሚወጡባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱን እንምረጥ። የእናቶች ማቆያ ያለው ይሁን። ማቆያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጉራጌ ውስጥ የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 ነው የጀመረው። ቤቷ ሩቅ የሆነች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ትቆያለች፤ ወንዙም ገንዘቡም አስቀድሞ ተሻገረ ማለት ነው። ግን ማቆያው ውስጥ እህልና ማገዶ ከሌለ ማንም አይቆይም። ስለዚህ አንደኛ፣ ለማቆያው የዓመት ዱቄት፣ ሽሮና ማገዶ እንቻል። ሁለተኛ፣ ለአራስና ለአስታማሚ መመለሻ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ በጤና ጣቢያው ትቀመጥ፤ ከእድር የተመረጡ ሴቶች ይቆጣጠሯት። ሦስተኛ፣ በመካከል ለቀሩት ቤተሰቦች የዓመት የመድን መዋጮ እንክፈል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የምትሉ አላችሁ። ትክክል ናችሁ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ ያንን መጠየቅ ግዴታችን ነው። የእኛ መዋጮ የወረዳ በጀት አይተካም። ግን አንዲት ሴት ምጧ የሚመጣው በጀት እስኪጸድቅ ጠብቆ አይደለም። ደግሞም በአንድ ጤና ጣቢያ የሠራነውን በወረቀት ይዘን ብንጠይቅ ይበልጥ እንደመጣለን።

አራተኛው ሐሳቤ ብር አያስፈልገውም። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ዛሬ የሆስፒታል ኃላፊ፣ የጤና ቢሮ ባለሙያ፣ አስተማሪ ናችሁ። ከሥራችሁ ያሉት ልጆች «ዘግይታ መጣች» ብለው ሲጽፉ ወረቀቱን መልሱላቸው። «የቱ ጋ?» በሉ። ወንዙ ጋ ከሆነ ወንዙን ይጻፉ፤ ብድሩ ጋ ከሆነ ብድሩን ይጻፉ፤ እኛ ጋ ከሆነም እኛን ይጻፉ። ያልተጻፈ ነገር ለበጀት አይቀርብም።

ለሽማግሌው ያን ቀን መልስ አልሰጠሁም። አንገቴን ደፍቼ የሞት ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ግን መርቀውኝ ሄዱ። 25 ዓመት ሙሉ ያልመለስኩት ጥያቄ ነውና ከእናንተ ጋር ሆኜ ልመልሰው ብዬ ነው የመጣሁት።